ሻማው ለምን እንደሚወርድ ያልጠየቁት የአቶ ቶኩጂ ሂራሳዋ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቶኩጂ ሂራሳዋ ከአባታቸው ከአቶ ዳይሳኩ ሂራሳዋና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቶሜ እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1939 በኒጋታ ተራሮች መካከል ካሚሶኔ በምትባል መንደር ተወለዱ። በዚያ ሰሞን በረዶው በሩን ደፍኖት ስለነበር አዋላጇ የገቡት በላይኛው ፎቅ መስኮት ነው ይባላል። ለወላጆቻቸው ከአምስት ልጆች ሦስተኛ ነበሩ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ሹኩ ብቻ ናቸው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ሴት ልጃቸው ናሚኤ ነኝ። ወንድሜ ኮሄይ “አጠር አድርጊው፣ ሰው በጉልበቱ ተቀምጦ ነው የሚሰማሽ፤ ደግሞ ደጉን ደጉን ብቻ ጻፊ” ብሎኛል። ደጉን እጽፋለሁ። ሌላውንም እጽፋለሁ። አባዬ ከሃያ ዓመታቸው ወዲህ ያልገባቸውን ነገር ገብቶኛል ብለው አልፈው አያውቁም፤ እኔም አስከሬናቸው ፊት ቆሜ የማይሆን ነገር አላወራም።

በመንደራችን ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት ተማሩ። መምህራቸው የጻፉላቸው የምስክር ወረቀት እስከ ዛሬ ቤታችን አለ፤ “ጸጥተኛ፣ ታዛዥ፣ በጥያቄ የማያስቸግር” ይላል። እንደ ምስጋና ነው የተጻፈው። እናንተ የምታውቋቸው አቶ ቶኩጂ፣ በፖስታ ቤት ሰልፍ ላይ ሰውን ሁሉ አስቁመው “ይህ ቅጽ እዚህ ጋ ምን እያለ ነው?” የሚሉት ሰው፣ በልጅነታቸው እንዲህ ነበሩ።

በበረዶው ወራት እርሻ የለም። ስለዚህ የመንደራችን ወንዶች ሩዙ እንደታጨደ ሜዳው ላይ ወዳሉት የሳኬ፣ የሩዝ መጠጥ፣ ጠመቃ ቤቶች ወርደው በሚያዝያ ይመለሱ ነበር። በኅዳር ወር 1958 አባዬና የጎረቤታቸው ልጅ ሴይኪቺ ኦጊኖ በአንድ ቀን፣ በአንድ ባቡር፣ አንድ የሩዝ ቋጠሮ ለሁለት እየበሉ ወረዱ። ሴይኪቺ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። በሃያ ዓመቱ ስለቀረ አንቱ ለማለት አፌ እምቢ ይለኛል።

የጠመቃ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ዛሬ የለም። እዚያ ቤት ሥራ የሚለመደው በዓይን ነበር። የጠማቂዎቹ አለቃ አቶ ጎኖሱኬ ለአዲስ ገቢ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ዓይን ተሰጥቷችኋል፣ እዩ። አፋችሁን ለሾርባው አስቀምጡት።” የጠየቀ ሰው አይመታም፤ ይሳቅበታል እንጂ። ሃያ ሰው በአንድ ክፍል ተኝቶ ከአንድ ድስት እየበላ ስድስት ወር በሚኖርበት ቤት፣ አንድ ቀን የተሳቀበት ሰው እስከ ሚያዝያ ይሳቅበታል። በሁለተኛው ቀን አንዱ “ሩዙን እንዲህ የምናሸው ለምንድን ነው?” ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ስሙ ጠፍቶ “ፕሮፌሰሩ” ሆኖ ቀረ። አባዬና ሴይኪቺ ይህን አይተው አፋቸውን ዘጉ።

ጥንስሱ ፈልቶ ካለቀና ወደ መጭመቂያው ከተወሰደ በኋላ ባዶው ጋን ይታጠባል። ጋኖቹ ከዝግባ የተሠሩ፣ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ የሚጠልቁ፣ በመሰላል የሚወረድባቸው ናቸው። ሰው ከመውረዱ በፊት ጋሽ ዮኪቺ የሚባሉ ሽማግሌ የበራ ሻማ በቆርቆሮ ሳህን ላይ አድርገው በገመድ ቀስ እያሉ ወደ ታች ይለቁታል። ሁሉም ጸጥ ብሎ ያያል። ሻማው ታች ደርሶ ጥቂት ይቆይና ይወጣል፤ ከዚያ ሰው ይወርዳል። ለምን እንደሆነ የሚናገር የለም።

በዚያው ቤት በር አጠገብ ደግሞ የጠመቃው አምላክ መደርደሪያ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሻማ ይበራለታል፤ ሰው ሁሉ ሁለቴ አጨብጭቦ ይሰግዳል። አባዬ ሁለቱን ነገር አገናኙ። ጋኑ ውስጥ የሚወርደውም ሻማ ለዚያው አምላክ መሰላቸው። ስለዚህ ጋሽ ዮኪቺ ሻማውን ባወረዱ ቁጥር ጋኑ አፍ ላይ ቆመው ሁለቴ አጨብጭበው እስከ ወገባቸው ጎንበስ ይሉ ነበር።

አንድ ቀን አለቃው አዩዋቸው። “እዩት ይህን ልጅ!” አሉ ሰው ሁሉ እየሰማ። “ጨዋ ማለት እንዲህ ነው። ከእናንተ መሃል ለዚህ ቤት አክብሮት ያለው እሱ ብቻ ነው።” ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ጨርሶ የማይታሰብ ሆነ። በተመሰገነበት ነገር ላይ ተመልሶ “ለመሆኑ ይህ ምንድን ነው?” የሚል ማን አለ? አባዬ ይህን ባወሩ ቁጥር “የያዘኝ ምስጋናው ነው” ይሉ ነበር።

የካቲት 11 ቀን 1959 ጠዋት ጋሽ ዮኪቺን ትኩሳት ያዛቸው። አለቃው ሩዙ በሚቀቀልበት በኩል ሥራ በዝቶባቸው፣ “ቶኩጂ፣ ዛሬ አንተ አውርደው። ታውቀው የለ?” ብለው ሄዱ። አባዬ “እሺ ጌታዬ” አሉ። ሻማውን አወረዱ። ግማሽ ሳይደርስ ጠፋ። ጎትተው አወጡት፣ ለኮሱት፣ እንደገና አወረዱት። እዚያው ቦታ ሲደርስ ጠፋ። ሴይኪቺ መጥረጊያውን በብብቱ ይዞ መሰላሉ አጠገብ ቆሟል።

“ጠፋ እኮ” አለ። “ችግር የለውም?”

እንግዲህ ጠየቀ። አፉን ዘግቶ የከረመው ሰው ያን ቀን ጠየቀ፤ የጠየቀውም አባዬን ነው፣ ከሁሉ የበለጠ የሚያውቁ መስለውት። አለቃው ሃያ እርምጃ ላይ ነበሩ። አባዬ “እኔም አላውቀውም፣ ቆይ ልጥራቸው” ማለት ብቻ ነበረባቸው። አቃታቸው። ጨዋ የተባሉበትን ነገር አላውቀውም ማለት አቃታቸው።

“ንፋስ ነው” አሉ። “አንተ ውረድ፣ እኔ እሰግዳለሁ።”

ሁለቴ አጨበጨቡና ሰገዱ። ቀና ሲሉ ሴይኪቺ ጋኑ ወለል ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ጥንስስ ሲፈላ የሚተወው አየር ከባድ ነው፤ ጋኑ ሥር ተኝቶ ይቆያል። ሻማ ያጠፋው አየር ሰውንም ያጠፋል። ሻማው የሚወርደው ለዚህ ነበር። አባዬ ሊወርዱ ሲሉ ሦስት ሰዎች ይዘው መሬት ላይ ጣሏቸው፤ ሴይኪቺን በገመድና በመንጠቆ ሲያወጡት ነፍሱ አልነበረችም።

አለቃው እየሮጡ መጡ። “ሻማው ሲጠፋ አላየህም?”

“አይቻለሁ።”

“ታዲያ ለምን አወረድከው?”

“ለአምላካችን የሚበራ መስሎኝ ነው ጌታዬ።”

አቶ ጎኖሱኬ ወለሉ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። “ለምን አልጠየቅኸኝም?” አሉ። ይህን ብለው ሳይጨርሱ ግን ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ከኋላ ከቆሙት አንዱ “ሲሰግድ እያየን እንስቅ ነበር እኮ” አለና ማልቀስ ጀመረ። ለአባዬ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ሲሰግዱ ማየት ሁሉንም ደስ ያሰኝ ነበር።

አባዬ ከዚያ በኋላ ለስድስት ዓመት የጠመቃ ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ ተራራ ላይ እንጨት ቆረጡ። በ1964 የሴይኪቺን ታናሽ እህት፣ እናታችንን ወይዘሮ ፉጂኖን ለማግባት ሲያስቡ፣ ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ወንዝ ዳር ጎመን ስታጥብ ብቻዋን አግኝተው፣ “ወንድምሽን ውረድ ያልኩት እኔ ነኝ” አሏት። እናታችን ቀና እንኳ አላለችም። “ይህንንማ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እኛን ያስቀየመን አምስት ዓመት ሙሉ በደጃችን ስታልፍ እንዴት ናችሁ ብለህ አለመጠየቅህ ነው” አለቻቸው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ተጋቡ። በ1966 ኮሄይን፣ በ1969 እኔን ወለዱ።

በ1965 አለቃ ጎኖሱኬ በእግራቸው ተራራውን ወጥተው መጥተው ወደ ጠመቃ ቤቱ መልሰው ወሰዷቸው። ምን እንደተባባሉ አናውቅም፤ እናታችን የነገረችን ሁለቱም ራት ሳይበሉ አድረው ጠዋት አብረው እንደወረዱ ብቻ ነው። በ1976 አባዬ በሌላ ጠመቃ ቤት ራሳቸው አለቃ ሆኑ። እዚያም ደንብ አወጡ፦ ራት ላይ አዲስ ገቢው አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ለማንም ሾርባ አይቀዳም። በጥያቄ የሳቀ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ድስት ያጥባል። “አላውቅም” ያለ ሰው ደግሞ ቀድሞ ይቀዳለታል።

አንድ ጊዜ አንዱ ጎረምሳ “ሁሉ ነገር ገብቶኛል፣ ምን ልጠይቅ?” አላቸው። “እንግዲያው ይቀዝቅዝ፣ ሃያ ሰው ይጠብቅሃል” አሉት። ልጁ ተጨነቀ፣ ተቁነጠነጠ፤ በመጨረሻ “እሺ… አለቃ፣ ራሰ በራ የሆኑት ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለ። “በሃያ ስምንት ዓመቴ። ይቀዳ!” አሉ። ቀድመው የሳቁት ራሳቸው ስለነበሩ ያን ሳምንት ድስቱን ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ያ ጎረምሳ ዛሬ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነው፤ ራሱም ላይ ፀጉር አልቀረም። በሠላሳ ሁለት ዓመት የአለቅነት ዘመናቸው በእርሳቸው ጋን ውስጥ የሞተ ሰው የለም።

ለእኛ ለልጆቻቸው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ መከራ ነበሩ። በ1982 የትምህርት ቤቴ የወላጆች ስብሰባ ላይ የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ አባዬ እጃቸውን አወጡ። “ይቅርታ፣ ይህቺ ፊደል እነዚህ ቁጥሮች መሃል ምን ትሠራለች?” አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጓደኞቼ በክርናቸው ይጎሽሙኛል። መምህሩ ግን ማስረዳት ሲጀምሩ የሌሎቹ ልጆች አባቶችና እናቶች ሁሉ ወንበራቸውን ወደፊት ሳብ ሳብ አደረጉ። እቤት ስንደርስ “ለምን ታዋርደኛለህ?” አልኳቸው። “አንቺስ ገብቶሽ ነበር?” አሉኝ። አልገባኝም ነበር።

እዚህ የተገኙት መነኩሴም ምስክር ናቸው። በአያቴ ቀብር ላይ ጸሎቱን ሲጨርሱ አባዬ ጠጋ ብለው “አባቴ፣ ይህ ያነበቡት ምን ማለት ነው?” ብለው ጠየቋቸው። መነኩሴው ቀልተው “እስቲ አይቼ እነግርዎታለሁ” አሉ። በሳምንቱ ደብተር ይዘው መጡ፤ ሁለቱ ሙሉ ቀን አብረው አነበቡ።

በ2008 ጡረታ ወጡ። ሰኔ 3 ቀን 2015 እናታችን በድንገት አረፈች። ሃምሳ ዓመት አብረው ኖረዋል። አባዬ ብቻቸውን መኖር ስላልቻሉ እኔ ከከተማ ተመልሼ አብሬያቸው ገባሁ። ከ2019 ጀምሮ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ የቤቱን በር፣ ቀጥሎ የእናታችንን ሞት።

“ፉጂኖ የት ሄደች?” ይሉኛል። መጀመሪያ እውነቱን ነገርኳቸው። “አርፋለች እኮ አባዬ።” ያን ጊዜ እንደ አዲስ ደረታቸውን ይዘው ያለቅሳሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይረሱትና እንደገና ይጠይቁኛል፤ ነግሬያቸው እንደገና ያለቅሳሉ። በቀን አምስት ጊዜ ባል ሚስቱን ሲቀብር ማየት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። ኮሄይ “ዋሺያቸው፣ ምናለበት” አለኝ። “ገበያ ሄዳለች” አልኳቸው። ያን ጊዜ ደግሞ በካልሲያቸው ወጥተው በረዶ ላይ ቆመው ይጠብቋታል። እውነቱ ያስለቅሳቸዋል፣ ውሸቱ ያቀዘቅዛቸዋል። ሐኪሞችን ጠየቅሁ፣ መጽሐፍ አነበብኩ፤ ዘዴ አልተገኘም። ምን ላድርግ? አራት ዓመት እንዲሁ ኖርን።

ኅዳር 14 ቀን 2023 ጠዋት ሾርባ እየሠራሁ ሳለ ጠየቁኝ። መለስኩ። ደግመው ጠየቁኝ። እስከ ምሳ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጠየቁኝ፤ መቁጠሬ ራሱ ያሳፍረኛል። በሠላሳ አንደኛው ሾርባው ገነፈለብኝ፣ እጄን አቃጠለኝ። ዘወር ብዬ ጮህኩባቸው።

“በቃ አባዬ! ስንቴ ትጠይቀኛለህ? አታፍርም እንዴ?”

ይህን ነው ያልኳቸው። ለእኚህ ሰው፣ በዚህ ቃል። ተይ የሚለኝ ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም።

አባዬ ሁለት እጃቸውን ወለሉ ላይ አድርገው ግንባራቸው እስኪነካ ጎንበስ አሉና “ይቅርታ ጌታዬ፣ አልደግመውም” አሉኝ። እኔን ልጃቸውን። ማን እንደመሰልኳቸው አላውቅም፤ አነጋገራቸው ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት አዲስ ገቢ አነጋገር ነበር። ተንበርክኬ አነሳኋቸው፣ አቀፍኳቸው፣ “ጠይቀኝ አባዬ፣ የፈለግኸውን ያህል ጠይቀኝ፣ ሺህ ጊዜ ጠይቀኝ” አልኩ። “ምንም የለም፣ ሁሉ ነገር ገብቶኛል” አሉ።

ሁሉን የሚረሱ ሰው ይህችን አልረሱም። ስሜን ረሱ፣ ቤታቸውን ረሱ፣ እኔ የጮህኩትን ብቻ ያዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ውኃ ሲጠማቸው አይጠይቁም፤ ከንፈራቸው ሲደርቅ አይቼ እሰጣለሁ። መጸዳጃው የት እንደሆነ አይጠይቁም፤ ኮሪደሩ መሃል ቆመው ያለቅሳሉ። አንዳንዴ ፊቴን አይተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ አሁን ሊሉ ነው ብዬ እንደቆምኩ ቀስ ብለው መልሰው ይዘጉታል። ለመንኳቸው። ሳቅሁላቸው። እኔው ራሴ “ፉጂኖ የት ሄደች?” ብዬ ጀመርኩላቸው። በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፣ ሌላ ምንም የለም። እንዲህ ሁለት ወር አለፈ።

ጥር 21 ቀን 2024 ትንፋሽ አጠራቸው። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ “የት ጋ ነው የሚያምዎት?” አሏቸው። “ደህና ነኝ፣ ይመስገን” አሉ። ሳንባቸውን በሁለቱም በኩል ውኃ ሞልቶት ነበር። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረው “ይህ ከሳምንታት በፊት የጀመረ ነው፤ ምንም አላሉም?” አሉኝ። “ምንም አላሉም” አልኩ። ጥር 27 ቀን ጠዋት በተወለዱ በሰማንያ አራት ዓመታቸው አረፉ።

ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ አስቀምጠውኝ “የሚጠይቁኝ ነገር አለ?” አሉ። ነበረኝ። ቀደም ብዬ ባመጣቸው ይድኑ ነበር ወይ? ሕመሙን ቢነግሩኝ ኖሮ? “የለኝም፣ እናመሰግናለን” ብዬ ጎንበስ አልኩ። ሐኪሙ ለክብራቸው ዛሬ እዚህ መጥተዋል፣ ከኋላ ተቀምጠዋል። ሻይ ሰጠኋቸው። አሁንም አልጠየቅኋቸውም።

አቶ ቶኩጂ ሂራሳዋ ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ አንዲት እህትና በሰባት ጠመቃ ቤቶች ያሠለጠኗቸው ከመቶ በላይ ጠማቂዎች ከኋላቸው ትተዋል። በበረዶ መንገድ መጥታችሁ ለሸኛችሁን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ነፍሳቸው ትረፍ። አባዬ፣ በደረስክበት ሀገር የመጀመሪያውን ሰው አቁመህ ፉጂኖ የት እንዳለች ጠይቀው። ካልሰማህ ድገምለት። እዚያ የሚጮህብህ የለም።